ቆርቆሮ ነበር የጠየቅነው፦ ስለ አንዲት አሮጌ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ግልጽ ደብዳቤ

የአሮጌውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ንብረት በአደራ ለያዛችሁ ኃላፊዎች፣
ለቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች፣
በዚያ ባቡር ለተሳፈራችሁ ሁሉ፤

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በራሴና በአሥራ አንድ የሥራ ባልደረቦቼ ስም ነው። ሁላችንም የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኞች ነን። መካኒክ አለን፣ ኤሌክትሪሽያን አለን፣ ባቡር ነጂ አለን፣ አንዱ ደግሞ ፉርጎ ቀቢ ነበር። ዛሬ ሁላችንም ጡረተኞች ነን።

ለመጻፍ ያነሳሳን በአንድ ጣቢያ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። የጣቢያውን ስም አልጠራም። የሎኮሞቲቯንም ቁጥር አልጽፍም። ቁጥሯን ብጽፍ ለብረት ነጋዴ አድራሻ መስጠት ይሆንብኛል። እናንተ የትኛዋ እንደሆነች ታውቃላችሁ።

ማስታወቂያው «አገልግሎት የማይሰጡ ንብረቶች» ይላል። ዝርዝሩ ላይ የተሰበሩ ወንበሮች አሉ። የፋይል ሳጥኖች አሉ። ያረጀ የመኪና ጎማ አለ። ከጎማው ቀጥሎ «የባቡር ሞተር፣ አሮጌ፣ ብዛት 1» ተብሎ ተጽፏል። የሚሸጠው በኪሎ ነው።

ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ እቤት ገብቼ ለጓደኞቼ ደወልኩ።

በመጀመሪያ እሷ ማን እንደሆነች ላስረዳ። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው ወጣት ሳይሆን አይቀርም፤ ስትሄድ አላያትም። ስለዚህ በእሱ አልፈርድም።

ይህ መስመር እንዴት እንደመጣ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አፄ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኔ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው ግን ወጪ በዛበትና በቆላው በኩል አለፈ። በ1895 ባቡሩ የደረሰበት ቦታ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ድሬዳዋ ማለት እሱ ነው። ከተማውን የወለደው ባቡሩ ነው። አዲስ አበባ ለመግባት ግን እስከ 1909 ጠብቋል። መሃል ላይ ኩባንያው ከስሮ በሌላ ተተክቷል። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነው። ይህችን 1 ሜትር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

በእንፋሎት ዘመን ትልቁ ጣጣ ውሃ ነበር። እንፋሎት ባቡር ውሃ ትጠጣለች። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው አገር ደግሞ በረሃ ነው። አይሻን፣ አዲጋላን ያየ ሰው ይገባዋል። ሰው የሚጠጣው በሌለበት ባቡር ማጠጣት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በጣሊያን ጊዜ ሊቶሪና የሚሏት የፊያት ተሳፋሪ ባቡር ገባች። ራሷ ሞተር፣ ራሷ ፉርጎ ነበረች። እውነተኛው ለውጥ የመጣው ግን ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1940ዎቹ፣ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ሲገዙ ነው። ፈረንሳይ አልስቶም የሚባለው ፋብሪካ የሠራቸው ይገኙባቸዋል። ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ መስመር ላይ፣ ውሃ ሳይለምኑ ተሳፋሪ መጎተት የቻሉት እነዚህ ናቸው።

ናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሲባል ብዙ ሰው እንደ ትልቅ የጭነት መኪና ያስባታል። የእኛዋ እንደዚያ አይደለችም። ሞተሩ እግሯን አያዞርም። ሞተሩ ጀነሬተር ያዞራል። ጀነሬተሩ መብራት ያመነጫል። መብራቱ በወፍራም የመዳብ ኬብል ወርዶ ከብረት እግሮቿ ጎን የተቀመጡትን የኤሌክትሪክ ሞተሮች ያንቀሳቅሳል። ሆዷ ውስጥ አንድ የመብራት ኃይል ጣቢያ ይዛ ነበር በረሃ የምታቋርጠው። እኔ በ1966 በተለማማጅነት ስገባ አለቃዬ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይህንን ነው። እጄን ይዞ የጀነሬተሩ ክዳን ላይ አስቀመጠልኝ። «ትንቀጠቀጣለች አይደል? ጤነኛ ስትሆን እንደዚህ ነው የምትንቀጠቀጠው። ይቺን አትርሳ» አለኝ። አልረሳሁም። ዛሬም እጄ ያውቀዋል።

እሷ ከኋላዋ ያስከተለችው ፉርጎ ውስጥ ያልተሳፈረ ሰው አልነበረም። ነጋዴ፣ ወታደር፣ ተማሪ፣ ሙሽራ፣ ሬሳ ይዞ ወደ አገሩ የሚመለስ ቤተሰብ። አዋሽ ስትደርስ መንገደኛው ወርዶ ቡፌ ደ አዋሽ ይገባል። ኤረር ላይ ልጆች ብርቱካን ይዘው በመስኮት ይንጠላጠላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ ሰው በታክሲ «ለገሃር! ለገሃር!» ሲል የሚጠራው የእኛን ጣቢያ ነው። «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ስሙ ሰፈር ሆኖ ቀረ።

የመስመሩ ታሪክ የደስታ ብቻ አይደለም። በ1969 መጨረሻ በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ተመትተው መስመሩ ተቆረጠ። በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ፈጣኑ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ እስከ ዛሬ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። እኔ ያን ቀን ወርክሾፕ ውስጥ ነበርኩ። ዜናው ሲመጣ ማሽኖቹን ማንም አላጠፋቸውም። ሰው ሁሉ እንደቆመ ቀረ፣ ማሽኑ ለብቻው ይዞራል። ይህንንም የምትመሰክር እሷ ናት። ሰው ዘመዱን በዚያ አደጋ ያጣበትን ባቡር ምን እንደሚመስል ለልጁ ሊያሳይ ቢፈልግ የት ይወስደዋል?

አሁን ወደ ቅሬታችን ልግባ።

የመጀመሪያው ቆርቆሮ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሁሉም ችግር ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ሎኮሞቲቯ ቆማ ያለችው ሜዳ ላይ ነው። ከላይዋ ምንም የለም። ጣሪያዋ ላይ የጭስ ማውጫ አለ። ሞተሩ ሲሠራ ጭሱ ዝናቡን ይገፋዋል። ሞተሩ ሲቆም ግን ያ ማውጫ አፉን ከፍቶ ሰማይ የሚያይ ቱቦ ነው። ዝናቡ በቱቦው ይወርድና ክፍት ቫልቭ ባገኘበት ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ፒስተኑ ላይ ይተኛል። ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ያያይዘዋል። አንድ ክረምት እንዲህ ያለፈ ሞተር ይጣበቃል። ሁለተኛ ክረምት ካለፈበት ለማላቀቅ መፍታት ያስፈልጋል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. ደብዳቤ ጻፍን። የጠየቅነው አንድ ቅጠል ቆርቆሮና ለመውጣት ፈቃድ ነበር። «በበጀት ዓመቱ እቅድ ውስጥ አልተካተተም» የሚል መልስ መጣ። ቆርቆሮውን ራሳችን እንገዛለን ብለን ሁለተኛ ጻፍን። «የግል ንብረት ወደ ግቢ ማስገባት አይቻልም» ተባልን። ሦስተኛው ደብዳቤ መልስ አላገኘም። የሦስቱም ግልባጭ እጃችን ላይ አለ።

ሐምሌ ገባ። አንድ የቀድሞ ነጂ ጓደኛችን አለ፣ ያኔ 71 ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ማለዳ የባለቤቱን ትልቅ የድስት ክዳን በፌስታል ይዞ መጣ። በመሰላሏ ወጣና የጭስ ማውጫውን ከደነው። ድንጋይም ጫነበት። ጥበቃው ደርሶ አወረደው። ጥበቃው ግን ሰው ነበር። ምን እያደረገ እንደሆነ ከሰማ በኋላ ክዳኑን እዚያው ተወው። ያ ክዳን ሁለት ክረምት አገልግሏል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በወር አንዴ እየገባን ሞተሩን በእጅ እናዞረው ነበር። ዲጂኖ አስገብተን ሁለት ሁለት ሆነን እንገፋለን። ሩብ ዙር፣ ሌላ ሩብ ዙር። ትዞር ነበር! ስትዞር የምትሰጠው ድምፅ፣ ዘይቱ ሲላቀቅ «ጭው» የሚለው፣ የታመመ ሰው ሲተነፍስ እንደመስማት ነው።

ከዚያ የጽዳት ዘመቻ መጣ። ክዳኑ «ቆሻሻ» ተብሎ ተጣለ። እኛም መግባት ተከለከልን። ከዚያ ወዲህ ሦስት ክረምት አልፏል። ሞተሩ ዛሬ ይዙር አይዙር የሚያውቅ የለም። የጓደኛችን ባለቤት ያንን ድስት እስከ ዛሬ በትሪ ነው የምትከድነው።

ሁለተኛው ወረቀቱ ነው።

ባለፈው ዓመት በጾም ከአንዲት ቆሎ ሻጭ የአሥር ብር ቆሎ ገዛሁ። ጠቅልላ ሰጠችኝ። መንገድ ላይ ስፈታው ወረቀቱ አይኔን ሳበው። ፎርሙ በፈረንሳይኛ የታተመ ነው። ውስጡ በእጅ የተጻፈ አማርኛ አለ። ቀን አለ፣ የተሄደ ኪሎ ሜትር አለ፣ «4ኛ ኢንጄክተር ተቀየረ፣ ጭሱ ጠራ» ይላል። የእጅ ጽሑፉን አወቅሁት። የአለቃዬ ነው። ጀነሬተሩ ላይ እጄን ያስቀመጠልኝ ሰውዬ። ከሞተ ብዙ ዓመቱ ነው።

ተመልሼ ሄድኩ። «አባቴ፣ ምነው ቆሎው ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ። ወረቀቱን ከየት እንዳመጣች ጠየቅኳት። ከጣቢያው ግቢ ወረቀት በኪሎ ሲሸጥ ገዝታ ነው። በሷ አልፈርድም፤ በገንዘቧ ነው የገዛችው። የቀራትን ሁሉ ገዛኋት። 73 ቅጠል ነው። በካርቶን አድርጌ አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ከዚያ ውስጥ 20ው የእሷ፣ የዚህችው ሎኮሞቲቭ የጥገና መዝገብ ነው። ሌላው ሁሉ፣ የኤሌክትሪክ ሥዕሎቹ፣ የመለዋወጫ ዝርዝሩ፣ የነጂዎች የጉዞ መዝገብ፣ የት እንደደረሰ አናውቅም። ምናልባት ተበልቶ አልቋል።

ሎኮሞቲቭን ከነወረቀቷ ማቆየትና ያለ ወረቀቷ ማቆየት አንድ አይደለም። ወረቀቱ ከሌለ የትኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግር የለም። ማን እንደነዳት፣ መቼ እንደታመመች፣ ማን እንዳዳናት የሚነግር የለም። ብረቱን ጠብቆ ወረቀቱን የጣለ ሰው ግማሹን ጥሏል።

ሦስተኛው ስርቆት ነው። ይህን አላስረዝመውም። መዳብ ውድ ነው። ያ በሆዷ የሚሄደው ኬብል መዳብ ነው። ቀን በቀን ነው የተቆረጠው። ጎኗ ላይ የነበረው የፋብሪካው የነሐስ ጽሑፍም የለም። የቀረው አራት የብሎን ቀዳዳ ነው። እኛን በር ላይ የሚመልስ ጥበቃ ካለ መጋዝ ይዞ የገባውን ሰው እንዴት አላየም?

አራተኛው ቀለሙ ነው። ለአንድ በዓል ጣቢያው ሲዋብ እሷም ተቀባች። የተቀባችው በግድግዳ ቀለም ነው። መስታወቷ ላይ ሳይቀር ቀለም ፈሶበታል። የበሩ ማጠፊያ በቀለም ተጣብቋል። ቁጥሯ ከሥር ተቀበረ። ቀለም ቀቢው ጓደኛችን ይህን ሲያይ አለቀሰ ብል ማጋነን አይደለም። ምክንያቱን እሱ ነው ያስረዳኝ። ብረቱ ላይ ያለው ቀለም አንድ ላይ የተደራረበ የዘመን መዝገብ ነው። በፈረንሳይ ኩባንያ ጊዜ አንድ ቀለም ነበራት። በ1952ቱ ስምምነት ዋናው መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ሌላ። ጅቡቲ ነፃ ወጥታ ኩባንያው የሁለቱ አገሮች ሲሆን ደግሞ ሌላ። በጥንቃቄ ቢፋቅ ሁሉም ተራ በተራ ይወጣል። አሁን የሆነ ሰው በሽቦ ብሩሽ «ላጽዳት» ብሎ እንዳይነሳ ነው የምንፈራው።

አምስተኛው ራሱ ጨረታው ነው። አንድ ባለሙያ መጥቶ አላያትም። እኛን የጠየቀን የለም። ሌላ ያልታሰበ ነገር ደግሞ አለ። በዚያ ዘመን በተሠሩ ሎኮሞቲቮች ውስጥ ሙቀት ለመከላከል አስቤስቶስ የሚባለውን፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን መጠቀም የተለመደ ነበር። ብረት ነጋዴው የሚቆርጣት በኦክስጅን ነው። ብናኙን የሚተነፍሰው ማን ነው? የቀን ሠራተኛው ነው። ከአጥሩ ውጭ ኳስ የሚጫወተው ልጅ ነው። ታሪክ ግድ ባይሰጣችሁ እንኳ ይህ ግድ ሊሰጣችሁ ይገባል።

«አዲስ ባቡር አለ፣ አሮጌው ምን ይሠራል?» የሚል ሰው አጋጥሞናል። አዲሱን ባቡር እንወደዋለን። መስከረም 25 ቀን 2009 ሲመረቅ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበን አጨብጭበናል። ግን ያን 1 ሜትር አስታውሱ። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚሄደውም በመብራት ነው። የእኛዋ እዚያ ሐዲድ ላይ መውጣት አትችልም። መለዋወጫዋም ለአዲሱ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ቀን ለሥራ ትፈለግ ይሆናል ብሎ የሚያስቀምጣት የለም። የሚያስቀምጣት ሰው ለራሷ ብሎ ማስቀመጥ አለበት።

ይህ ደግሞ በሌላ አገር የተደረገ ነው። ሩቅ ሳንሄድ ኤርትራን እንይ። ከምጽዋ አስመራ ያለው 118 ኪሎ ሜትር መስመር በጦርነቱ ፈርሶ ነበር። ሐዲዱ ተነቅሎ ምሽግ ተሠርቶበታል። ከነፃነት በኋላ መልሰው የገነቡት እነማን ናቸው? ጡረተኞች ናቸው። ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው የባቡር ሰዎች ከየቤታቸው ተጠርተው መጡ። በ1995 ዓ.ም. አስመራ ደረሱ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት የፊያት ሊቶሪናዎች እንደገና ተነሱ። እኛ ስንሰማ የቀናነው ቅናት መልካም ቅናት ነበር።

እንግሊዝ አገር ደግሞ ዴልቲክ የሚባሉ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ነበሩ። ከለንደን ኤድንብራ ተሳፋሪ የሚጎትቱ፣ 3,300 የፈረስ ጉልበት ያላቸው። የተሠሩት 22 ናቸው። ገና በሥራ ላይ እያሉ፣ በ1977 እ.ኤ.አ.፣ የሚወዷቸው ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ። በ1982 መጀመሪያ ከሥራ ሲወጡ 16ቱ ተቆራረጡ፣ 6ቱ ዳኑ። የዳኑት ሰው ቀድሞ ስለተዘጋጀላቸው ነው። እነሱ ሚሊየነር አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ተራ ደመወዝተኛ ናቸው።

ሕጉም አለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሚለው ቤተ ክርስቲያንና ሐውልት ብቻ አይደለም። የሰው የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ በታሪክ ወይም በሳይንስ ከፍተኛ ዋጋ ያለውን ሁሉ ያቅፋል። ይህች ሎኮሞቲቭ ከዚህ ትርጉም ምኗ ይጎድላል? ለገሃር ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ በጣሊያን ተነቅሎ ሮም ተወስዶ ነበር። ተለምኖ፣ ተከራክረንበት ተመልሷል። የወሰደብንን ሌላ አገር መልስ ማለት እናውቅበታለን። በእጃችን ያለውን በኪሎ ስንሸጥ ግን ለማን አቤት ይባላል?

የመጨረሻው ቅሬታ ስለ እኛ ነው፤ ለራሳችን ብለን ግን አይደለም። የማስታወሻ ደብተሬን አይቼ ቆጠርኩ። ይህችን ሎኮሞቲቭ ፈትተው መግጠም ከሚችሉት ሰዎች በሕይወት ያለነው አራት ነን። አንዱ አይኑ ደክሟል። አንዱ እግሩን ታሟል፤ በከዘራ ነው የሚሄደው። በ2014 ዓ.ም. ከቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ጋር አገናኙን፣ በነፃ እናስተምራለን ብለን ነበር። አንድ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ እስከ በሩ መጥቶ ነበር፤ ደብዳቤ የላችሁም ተብሎ ተመለሰ። ልጆቹ በአጥሩ ቀዳዳ አይተዋት ሄዱ። ሎኮሞቲቯን የሚያውቅ እጅ ሲያልቅ የትኛው በጀት መልሶ ያመጣዋል?

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ጨረታው ይቁም። ከማስታወቂያው ላይ ስሟ ይውጣ። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከተቆረጠች ይቅርታ አይመልሳትም።

በአዋጁ መሠረት ባለሙያ ይምጣና ያያት፣ በቅርስነት ትመዝገብ። ሲመጣ ከእኛ አንዱ አብሮ ይቁም። ምን ላይ እንደሚመለከት እናሳየዋለን።

ከላይዋ መጠለያ ይሠራ። ትልቅ ሕንፃ አላልንም። ስድስት የብረት ቋሚና የቆርቆሮ ጣሪያ ይበቃታል። ማውጫዋ ይከደን። የውሃ ማቀዝቀዣዋ ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ። ክፍት ብረቷ ግራሶ ይቀባ። መዳብ የሚቆርጠውን የሚያይ ጥበቃ ይመደብ። እስኪመዘገብ ድረስ ማንም ቀለም አይቀባት፣ ማንም አይፋቃት።

የቀረው ወረቀት ተሰብስቦ አንድ ክፍል ይግባ። እኔ ያሉኝን 73 ቅጠሎች በፊርማ አስረክባለሁ። በየቤቱ ሥዕል፣ መዝገብ፣ የነጂ ቆብ፣ የድሮ ትኬት ያላችሁ ሰዎችም አትጣሉ። እኔ ቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ካገኘሁት ወዲህ እያንዳንዷ ወረቀት ያሳሳኛል።

በሳምንት ሁለት ቀን እንድንገባ ይፈቀድልን። ደመወዝ አንጠይቅም። የቴክኒክ ተማሪዎች አብረውን ይግቡ።

እንድትሄድ አልጠየቅንም። ይህንን አስምሩበት። የሚሄድባት ሐዲድ ብዙ ቦታ እንደሌለ እናውቃለን። ሞተሯ ሩብ ዙር እንኳ ቢዞር፣ አንድ ተማሪ እጁን ጀነሬተሩ ላይ አድርጎ ቢሰማው፣ ለእኛ ይበቃናል።

ለዚህ ደብዳቤ በ15 ቀን ውስጥ መልስ እንጠብቃለን። ክረምቱ ሰኔ ላይ ይገባል። ቆርቆሮውን ገዝተናል፣ በልኳ ቆርጠነዋል፣ የማሰሪያ ሽቦውም ተዘጋጅቷል። የጓደኛችን ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጧል። በሩ ይከፈትልን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቀድሞ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ መካኒክ፣
የአሥራ ሁለቱ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኞች ተወካይ